በስቴቱ ስም የሚደውለው ሰው

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ዝናብ። ከሌክ ሜሪት እስከ ሃይዌዩ መግቢያ መኪና በመኪና ላይ ተነባብሮ። ሾፌራችን ሙስጠፋ ትልቁን ቫን ይዞ ወጣ፣ እኔ ትንሿን። ዲያሊስስ፣ ኩላሊት እጥበት፣ የሚሄዱ አሉ፣ ዓይን ሐኪም የሚሄዱ አሉ። አንዷ እናት ቀበቶ አላስርም ብለው እስከ ፍሪሞንት ሲጨቃጨቁኝ... "ደርግ ያላሰረኝን አንቺ ልታስሪኝ?" አሉኝ። በሳቅ ሞትኩ።

ማታ ፖስታ ሳጥኑን ብከፍት ደብዳቤ። ንስር ያለበት ማኅተም፣ ቀይ ጽሑፍ፣ "የመጨረሻ ማሳሰቢያ" የሚል። የድርጅታችሁ ዓመታዊ ሪፖርት ለስቴቱ መንግሥት አልገባም፣ ቶሎ ካልከፈላችሁ ይዘጋል ይላል።  የድርጅታችንን፣ የ"ደህና ግቡ"ን፣ ወረቀት የሚይዙት እትዬ ሓረጉ ናቸው። ድርጅቱን ሁለታችን ስንከፍት የተስማማነው እንደዛ ነው፣ መንዳቱና ስልኩ የኔ፣ ወረቀቱ የሳቸው። ታዲያ ይሄ ለምን እኔ ቤት መጣ?

ቼክ ጽፌ ልልከው ነበር። ደክሞኝ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

እንኳን ደከመኝ! ልጄ መቅዲ ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። ደብዳቤውን አንዴ አየችው።

"ማሚ፣ ዲስ ኢዝ ኖት ዘ ስቴት።"

"ማኅተም አለው እኮ።"

"ኤኒዋን ካን ድሮው ኤ በርድ፣ ማሚ።"

ከታች፣ የጉንዳን ዓይን በምታህል ጽሑፍ፣ "እኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለንም" ይላል። ግራጫ ቀለም ነጭ ወረቀት ላይ። ከዛ በኮምፒውተር የስቴቱን ዋጋ አሳየችኝ፣ ሃያ አምስት ዶላር። ደብዳቤው የሚጠይቀው ዐሥር እጥፍ ነው።

ገንዘቡ አይደለም ያስጠላኝ። ያቺን ጽሑፍ ያሳነሳት ሰው ነው። ቁጭ ብሎ... ይሄ ይነበባል፣ ትንሽ ላሳንሰው፣ አሁንም ይነበባል፣ ትንሽ ልቀንሰው... እያለ። ከዛ ቤቱ ሄዶ ራት በላ?

እትዬ ሓረጉ ጋ ደወልኩ። እሳቸው ሳቁብኝ።

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የኛ አልቋል። የስቴቱ ልጅ በየዓመቱ እየደወለ ይጨርስልኛል።"

"የስቴቱ ልጅ ማለት?"

"ስቴት የሚሠራው ነዋ፣ አማርኛ የሚናገረው። እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! እናቴ ነው የሚለኝ።"

ስቴቱ ከመቼ ወዲህ ነው በአማርኛ እናቴ የሚለው? ደህና እደሩ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። በስልክ የሚባል አይደለም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

መቅዲ በምሳ ሰዓቷ የስቴቱ ዌብሳይት ላይ የድርጅቱን ስም ፈልጋ ኮል አደረገችልኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

"ማሚ፣ አር ዩ ድራይቪንግ?"

"አቁሜያለሁ። ንገሪኝ።"

"ኢት ሴይስ ሰስፔንድድ።"

ታግዷል። የገባ ሪፖርት የለም፣ ያለፈው ዓመትም፣ ያቻምናውም፣ ከዛ በፊት ያለውም። እትዬ ሓረጉ በየዓመቱ የላኩት ሁሉ ስቴቱ ጋ አልደረሰም። ስቴቱ እንዳስጠነቀቀን እንኳ አላወቅንም... ደብዳቤ መጥቶ ከነበረ ያ "ጨዋ ልጅ" እሱ ምንም አይደለም ብሏቸው ይሆናል።

በሽተኞቹን የምናመላልስበት የሆስፒታሉ ኮንትራት የሚታደሰው በዚሁ ወር መጨረሻ ነው። ድርጅቱ ደህና ነው የሚል የስቴት ወረቀት ይፈልጋሉ። ያ ከሌለ ቫኖቹ ይቆማሉ። ሰዎቹስ? ዲያሊስስ እኮ ዛሬ ባልሄድ ነገ እሄዳለሁ የሚባል ነገር አይደለም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ሳን ሆዜ ሄድኩ። እትዬ ሓረጉ ሾርባ ሠርተው ጠበቁኝ። ነገርኳቸው።

"ውሸት ነው" አሉ። "ደረሰኝ ልኮልኛል።"

"እትዬ፣ ስቴቱ የገባ ነገር የለም ይላል።"

"እንግዲያው ስቴቱ ተሳስቷል!"

ከዛ ራሳቸው ስልኩን አንስተው ደወሉ። ስፒከር ላይ አድርጉት አልኳቸው።

"ሄሎ፣ የስቴት ሪፖርት ክፍል።"

"ልጄ፣ ሓረጉ ነኝ፣ ከሳን ሆዜ።"

"እናቴ! እንዴት ሰነበቱ! ጉልበትዎ ተሻለዎት?"

ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። የት ነው የማውቀው? ወፈር ያለ፣ ቃሉን ጎተት የሚያደርግ...

"ልጄ፣ ሪፖርቱ አልገባም የሚሉ ሰዎች አሉ።"

"ማን ነው የሚያስጨንቅዎ? የእርስዎ አልቋል። ተመስገን በሉ እንጂ!"

በሉ እንጂ። እልል በሉ እንጂ! ሙሽሮቹን አድምቁልን እንጂ!

"አምሐ?" አልኩ።

ስልኩ ወዲያው ተዘጋ።

ከዳሊ ሲቲ እስከ ሳን ሆዜ እሱ ማይክ ያልያዘበት ሠርግ የለም። የመቅዲ ምርቃት ላይ እኔን ጎትቶ መሀል ያስገባኝ፣ ያስጨፈረኝ እሱ ነው። እትዬ ሓረጉ በስልክ ብቻ ስለሚሰሙት አልለዩትም፣ ሠርግ መሄድ ካቆሙ ቆይተዋል።

ሾርባው ቀዘቀዘ። ሁለታችንም አልቀመስነውም። ተነሥቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ከመቅዲ ጋር ቁጭ ብለን ሪፖርቱን ራሳችን አስገባነው። ገና ስትፈልገው ከላይ የወጡት በሙሉ ማስታወቂያ ናቸው፣ ሁሉም ስቴት መስለው፣ ሰማያዊ ለብሰው። አንዱን ልነካ ስል እጄን መታችኝ።

"ዶንት! መጨረሻው ዶት ገቭ፣ የመንግሥት፣ ካልሆነ አትንኪ።" በአማርኛ ተቆጣችኝ! ለስድብና ለቁጣ ሲሆን አማርኛዋ ይመጣል።

የድርጅቱ አድራሻ፣ የኃላፊዎቹ ስም፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ቢመጣ ማን ይቀበላል፣ ሥራው ምንድነው። ይሄው ነው። ሌላ የለውም። ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ሪፖርቱ አለቀ። ያን ጊዜ ነው ንዴቱ የመጣብኝ። ለዚህች ነው? አሮጊት የዋሸው ለዚህች ነው?

ባለፉት ዓመታት ላልገባው ቅጣት አለ። እገዳው እስኪነሣ ደግሞ መጠበቅ ነው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

አምሐ መጣ። ቫኖቹን የምናቆምበት ቦታ ድረስ። ሽቶው ቀድሞት ደረሰ።

"እቱ፣ አንዴ ስሚኝ። በስልክ የሚወራ ስላልሆነ ነው።"

"በስልክ ስታወራ ከረምክ አይደል እንዴ?"

"እኔ ሰርቪስ ነው የምሰጠው። ሊጋል ነው። ደብዳቤው ላይ ተጽፏል እኮ፣ መንግሥት አይደለንም ይላል።"

ደብዳቤውም የሱ ነው! ይሄን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

"እትዬ ሓረጉ እንግሊዝኛ አያነቡም።"

"እሱ የኔ ጥፋት ነው?"

እንዲህ አለኝ። ዓይኔን እያየ።

"ሪፖርቱንስ ለምን አላስገባህም?"

"ቢዚ ነበርኩ። የሠርግ ሲዝን... አለፈኝ።"

በየዓመቱ አለፈው። እከስሃለሁ አልኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሐበሻን ስም በፈረንጅ ፊት ልታጠፊ ነው?"

ከሁሉ የባሰው ይሄ ነው። ሲሰርቅ ያልታወሰው ሐበሻ ሲያዝ ትዝ አለው። ቫኑ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። መስኮቱን አንኳኳ፣ አላየሁትም።

ሙስጠፋ ሁሉንም ሰምቷል። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ማርች ላይ ሥራ አለኝ?" ሚስቱ ልትወልድ ነው። አላውቅም አልኩት።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

ከስቴቱ ምንም የለም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

ጋሽ አክሊሉ ደወሉ። ዲያሊስስ የምናመላልሳቸው፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። አምሐ ልኳቸው ነው።

"ነገ ሓረጉ ቤት እንመጣለን። ጾም ሳይገባ ታረቁ።"

"ጋሽ አክሊሉ፣ ይሄ ጠብ አይደለም። ስርቆት ነው።"

"ልጆች አሉት፣ እታገኝ።"

እኛስ? እኛ ከድንጋይ ነው የተወለድነው? አላልኳቸውም። "ይምጡ" አልኩ።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 16

አምሐ ሱፍ ለብሶ መጣ። ጋሽ አክሊሉ ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላው። ገና ከመግባቱ እትዬ ሓረጉ ጉልበት ላይ ተደፋ።

"እናቴ፣ ይቅር በሉኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።" ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "የወሰድኩት ነው፣ አንድ ሳይጎድል። ብቻ ነገሩ እዚሁ ይቅር።"

እትዬ ሓረጉ ቁልቁል አዩት። ዛሬ ከዚህ በፊት ያላየሁባቸው ፊት ነበራቸው።

"ስንት እናት አለህ?"

"እ?"

"በስልክ እናቴ የምትላቸው። ስንት ነን?"

ጋሽ አክሊሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሓረጉ፣ ይቅርታ እኮ ነው የጠየቀሽ..."

"እኔን የጠየቀኝን ይቅር ብያለሁ። የሌሎቹን ግን ማን ወክሎኝ ነው ይቅር የምለው?" ወደ አምሐ ዞሩ። "አሁን እዚሁ ቁጭ በልና ደውልላቸው። እንዲህ አድርጌያችኋለሁ በላቸው። በዛው በጨዋው ድምፅህ። ከዛ ሻይ አፈላልሃለሁ።"

ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ። እናቴ ማለቱ የት እንደገባ እንጃ። "ከማይረባ ሰው ጋር..." ብሎ ሳይጨርሰው ወጣ።

ፖስታውንም ይዞት ሄደ። ይዞት! እሱን ነው እስካሁን ማመን ያቃተኝ።

ጋሽ አክሊሉም ደህና ዋሉ ብለው ወጡ። በሩ ሲዘጋ እትዬ ሓረጉ አለቀሱ። "ደንቆሮ ልባል ነው በዚህ ዕድሜዬ።"

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

አቤቱታውን ለስቴቱ ዓቃቤ ሕግ ጻፍን። መቅዲ ጻፈች፣ እትዬ ሓረጉ ፈረሙ። ሌላ የተጎዳ ሰው ካለ ነገሩ ይጠነክራል ተባልን። የማውቃቸው ሴቶች ጋ ደወልኩ። አንዷ ሥራ ላይ ነኝ አለች። አንዷ "እኔን አይመለከተኝም" ብላ ዘጋችው። እንደከፈለችው ግን አውቃለሁ፣ ራሷ ናት አምና ለእትዬ ሓረጉ "የስቴቱ ልጅ" እያለች ስታመሰግነው የነበረችው።

የሱ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነገር አስጠላኝ። ሌባው ማይክ ይይዛል፣ የተሰረቀው ይደበቃል።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 23

ቅበላ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሙሉ፣ ሥጋው እንደ ጉድ ይበላል። እትዬ ሓረጉ ሳይነግሩኝ ከአጠገቤ ተነሡና ማይኩን ያዙ። 

"እኔ ሓረጉ ነኝ። ከስቴት ነኝ እያለ በሚደውል ሰው ዓመት ዓመት ተታልያለሁ። ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኔን ያገኘኝ ያገኘው ሰው ካለ ከኔ ጋር ይቁም።"

ሹካ ብቻ ተሰማ። አንድም ሰው አልቆመም። ያቺ አይመለከተኝም ያለችኝ ሳህኗ ላይ አጎንብሳ... ጋሽ አክሊሉ ጣራ ጣራ ያያሉ። እትዬ ሓረጉ እስኪደክማቸው ቆመው ቆዩ። ሄጄ ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው።

መኪና ውስጥ "ብናገርም ባልናገርም ያው ሆነ" አሉ። መኪናውን አስነሣሁ። ሁሉም ቀፈፈኝ። አዳራሹም፣ ሰዉም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

"ማሚ! ኢት ሴይስ አክቲቭ!"

እገዳው ተነሣ። ወረቀቱን ወዲያው ለሆስፒታሉ ላክነው፣ ኮንትራቱ ይታደሳል አሉ። ሙስጠፋን ደውዬ "ማርች ላይ ሥራ አለህ" አልኩት። "አልሐምዱሊላህ" አለና ስልኩን ሳይዘጋው ለሚስቱ ሲጮህላት ሰማሁ።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ብሎኛልም። ግን የእሁዱ አዳራሽ አልረሳ አለኝ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 28

ጠዋት ጋሽ አክሊሉን የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። ሙስጠፋን ልልከው ነበር፣ ፊታቸውን ማየት አልፈለግኩም። ሄድኩ። ደህና አደሩ ብዬ መንገዱን ያዝኩ።  ዲያሊስሱ በር ላይ ደርሰን መወጣጫውን አወረድኩት። አልተነሡም።

"እኔም ከፍዬዋለሁ" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"ለአምሐ። ለልጄ ሱቅ ሪፖርት። እሁድ ለት ልቆም ነበር... እግሬ እምቢ አለኝ። ሓረጉ ቤትም ይዤው የመጣሁት ለእርቅ አይደለም። እናንተ ከተስማማችሁ የኔም ሳይሰማ ይቀራል ብዬ ነው።"

ልቆጣቸው ፈለግኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያጠራቀምኩት ቃል አፌ ላይ ነበር። እጃቸውን አየሁት፣ መርፌው ያሳበጠውን። ዋጥኩት።

"ስሜን አብረሽ ጻፊው። አክሊሉ ኃይለየሱስ ብለሽ፣ ሙሉውን።"

"እሺ ጋሽዬ።"

"አላለቀም። ሌሎቹንም አውቃቸዋለሁ። ጎበዝ ልጅ ነው እያልኩ ቁጥሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።" ዱላቸውን አነሡ። "ስልኬ ቻርጅ የለውም። ያንቺን ቻርጀር ስጪኝ።"

ነቅዬ ሰጠኋቸው።

ከሰዓት ልወስዳቸው ስመለስ ማሽኑ ተነቅሎላቸው፣ ፋሻቸው ታስሮ፣ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ነርሷ እንሂድ በያቸው፣ ስልኩን ጠዋት የጀመሩት ነው አለችኝ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በእጃቸው ቆዪ አሉኝ።

"አዎ" ይላሉ። "እኔም። እኔም እኮ።"

ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው።