የቤዛዊት የምሳ ሰዓት

ጥቅምት 4

ጉሙ እስከ ረፋድ አልተነሣም። የተሰጣው ሁሉ እንደ ረጠበ ነው። አንሶላው ጠርዝ ላይ የሳሙና ምልክት ቀርቶበታል። ልጄ ቤዛዊት ትናንት ደክሟት ነው ያጠበችው። መልሼ ውኃ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ታለቀልቀዋለች።

ምሳ ላይ በባጃጅ መጣች። ከደጅ እስከ ጓዳ ስትገባ ታለከልካለች። አርባ ዓመት ያልሞላት ልጅ! እኔ በሰባ ሁለት ዓመቴ እንዲህ አልተነፍስም። ቀኑን ሙሉ ብድርና ቁጠባ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ሒሳብ ማየት... ሌላ ምን ያመጣል?

ወጡን አሙቃ አቀረበችልኝ። እኔ ገና እየበላሁ እሷ ቆማ ጎራርሳ ወጣች። ስንት ዓመት ሙሉ ባልትና ሳስተምር ለሰው ልጆች «ቁጭ ብላችሁ ብሉ» ስል ኖርኩ። ለራሴ ልጅ አልደረሰም።

ቀሚሷ ከጎኗ ተተርትሯል። ሰፋሁት። ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ጥቅምት 9

ራስ ምታቱ አልለቅ ስላላት ሐኪም ዘንድ ሄዳ መጣች። ፊቷን ሳየው ገባኝ።

«ዶክተር ሙነወር ምን አለሽ?»

«ቀንሺ አለኝ።»

«ምኑን?»

«ኪሎውን ነዋ፣ እማዬ። ግፊትሽ ከፍተኛ ነው አለኝ። በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ፣ ጨው ተዪ፣ ክኒኑን በየቀኑ ከምሳሽ ጋር ዋጪ፣ አንድ ቀን እንዳያመልጥሽ... አለዚያ እንደ አባቴ...»

አልጨረሰችውም። መጨረስም አያስፈልጋትም። ባለቤቴ ነጋ ከስብሰባ ሲመለስ መንገድ ላይ ወደቀ፤ አልተነሣም። ያኔ እሷ ሰባተኛ ክፍል ነበረች።

ልጄን ለዚህ በሽታ አልሰጥም። ሥርዓት ከያዘች ትቀንሳለች። ሥርዓት ያልፈታው ነገር አላየሁም።

ጥቅምት 12

ከጎረቤታችን ከሰልዋ ሱቅ የስፖርት ጫማ ገዛን። ሰልዋ ራሷ ከቤዛዊት ትወፍራለች። ቀኑን ሙሉ ጫማ መሐል ተቀምጣ...

«እማማ፣ ለእርስዎም አንድ ልስጥዎ? አብረው ይሮጣሉ።»

«መጀመሪያ አንቺ አድርጊው» አልኳት።

«እኔማ ሻጭ ነኝ። ሥጋ ሻጭ ሥጋ ይበላል እንዴ?»

«ይበላል እንጂ! አይተሽ አታውቂም?» አለች ቤዛዊት።

እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔንም ሳያስቀኝ አልቀረም።

ጥቅምት 21

ጫማው እስካሁን ካርቶኑ ውስጥ ነው። ዛሬ ማታ ጠየቅኳት።

«ማለዳ ለምን አትወጪም?»

«ማለዳ ቁርስዎን እሠራለሁ። ውኃ ከመጣ እቀዳለሁ።»

«ከሥራ ስትወጪስ?»

«ገበያ። ከዚያ እራትዎን። ከዚያ ልብስ።»

«የምሳ ሰዓትሽ?»

«ምሳዎን።»

«ታዲያ ሰዓቱ የት ገባ?» አልኩ።

«እርስዎ ጋ ነዋ ያለው፣ እማዬ።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። በአክብሮት ነው ያለችው። ብትጮኽ ይሻል ነበር።

ሠራተኛ እንቅጠር ትላለች። ቀጥራ ነበር፤ አንድ ብቻም አይደል። ሁሉንም ያሰናበትኩ እኔ ነኝ። አንዷ ጥፍሯ ቆሻሻ። ሌላዋ ሽሮዋ ጓል። የመጨረሻዋ እታለማሁ ደኅና ነበረች፤ ነጩን ልብስ ከቀለሙ ጋር ዘፈዘፈችው። ምን ላድርግ? እያየሁ ዝም ልበል?

ጥቅምት 22

ወጡ ጨው የለውም። እሷ በልታዋለች፤ እኔ ጨመርኩበት።

ኅዳር 2

ዛሬ ማለዳ ወጣች! ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፍጥነት። ስትመለስ ከበሩ ጀምሮ ትስቃለች።

ድንች ይዘው ወደ ገበያ የሚመጡ ሴቶች አግኝተዋት «ወዮ! ማን ሞተ?» ብለው አስቆሟት። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በአዊኛ። ማለዳ ያለ ዕቃ እየተጣደፈች የምትሄድ ሴት ለቅሶ ካልሆነ ሌላ ምን አላት? አንዲቱማ ሸክሟን አውርዳ አብራት ልትመለስ ነበር።

«ማንም አልሞተም፣ እናቴ። ለጤናዬ ነው።»

«ጤና ከሆንሽ ምን ያስሮጥሻል?» አሏት።

ሳቅን። ደስ የሚል ማለዳ ነበር። ቁርሴ ግን ሰዓቱ አለፈው። ምንም አልተናገርኩም።

ኅዳር 3

አልወጣችም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «እንዲሁ ነው» አለች። ትናንት ምንም አልተናገርኩም እኮ። ፊቴን አየችው ይሆን?

ኅዳር 14

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለ መፍትሔው መጣልኝ። እንዴት እስካሁን አልታየኝም?

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾመች ምሳ የለም። ምሳ ከሌለ ወደ ቤት መምጣት የለም። የምሳ ሰዓቷ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው ማለት ነው። በዚያ ሰዓት በእግሯ ትሂድ። ጾሙም ይቀንሳታል፣ መንገዱም ይቀንሳታል። እኔም እስከ ዘጠኝ ስለምጾም ጠዋት ሠርታ ትታልኝ ትሄዳለች። ከቤቱ ሥርዓት አንድም አይጓደል።

ነገርኳት። አሰበች።

«ክኒኑስ? ከምሳ ጋር ነው የተባልኩት።»

«ከእራት ጋር አድርጊው። በጾም ሰዓት ውኃ ሳይቀመስ ምን ክኒን አለ?»

«ዶክተሩን ልጠይቀው?»

«ለዚህ ዶክተር አይጠየቅም» አልኳት።

እሺ አለች። ልጄ እሺ ባይ ናት። እንዲያ ነው ያሳደግኳት።

ኅዳር 24

በየቀኑ ትሄዳለች። ከቢሮዋ ተነሥታ በዘንገና ሐይቅ አቅጣጫ አስፋልቱን ይዛ፣ ሰዓቷ ሲደርስ ትመለሳለች።

ሰልዋ ዛሬ ስኳር ልትበደረን መጥታ ወሬውን ሰማች።

«በባዶ ሆዷ? ግፊት እያላት? እማማ፣ በእኛ የታመመ ሰው እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታል።»

«እኛ ፈቃድ ፈላጊዎች አይደለንም።»

«ኧረ እኛማ በረመዳን ነው የምንወፍረው!» ብላ ስኳሯን ይዛ ሄደች። ቀልደኛ። ሱቋን እንኳ በሥርዓት አትከፍትም።

ታኅሣሥ 6

የቤዛዊትን ቀሚስ ከወገቡ አጠበብኩት! ከዚህ በፊት የሰፋሁትን ስፌት ራሴ ፈትቼ ወደ ውስጥ መለስኩት። መርፌው በደስታ ነው የሄደው።

ከቅዳሴ ስንወጣ ሽታዬ፣ የማኅበራችን ሴት፣ ጉንጯን ይዛ «ውይ፣ ከሳሽ! ምን ሆንሽ?» አለቻት። ሰው ሲቀንስ ታመመ የሚባልበት አገር። «በራሷ ጥረት ነው» አልኳት፤ ኮራሁ።

መንገድ ላይ ቤዛዊት ቀስ ብላ «ማታ ሥራ ጨርሼ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ እማዬ። ክኒኑን የምረሳበት ቀን አለ» አለች።

«ማስታወስም ሥርዓት ነው» አልኳት።

ራሷን ዛሬም አሟታል። ከጾሙ ነው።

ታኅሣሥ 17

ቤዛዊት ወደቀች።

አስፋልቱ ላይ። ከሰል የጫነ መኪና ሾፌር አንሥቶ ሆስፒታል አደረሳት። ጫማዋ አንዱ የለም...

ስሟን ስጠራት ዓይኗ ያየኛል። አፏ ግን...

ታኅሣሥ 20

ባሕር ዳር ትወሰድ አሉን። መንገዱ ተዘግቷል። እስኪከፈት እዚሁ ነን።

ዶክተር ሙነወር እየመጣ ያያታል። ዛሬ ኮሪደሩ ላይ አስቆመኝ።

«መድኃኒቱን በየቀኑ ትወስድ ነበር?»

«ማታ ማታ... አንዳንዴ እንቅልፍ ይጥላት ነበር።»

«ማታ ያላት ማን ነው?»

ነገርኩት። አልተቆጣኝም።

«ጾሙ አይደለም፣ እማማ። በእግሯ መሄዷም አይደለም። እሱስ ጠቅሟት ነበር። ክኒኑ ሲቆራረጥ ነው።»

ማታ ማታ እንቅልፍ ለምን ይጥላት ነበር? ይህን አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ የምጠይቀው። አንሶላ እያለቀለቀች ነዋ።

ታኅሣሥ 22

የንስሐ አባታችን ቄስ ባምላክ ጸበል ይዘው መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«የታመመ ሰው መድኃኒት እንዳይውጥ ማን ከልክሎ? ምነው ብትጠይቂኝ?»

ሁሉን የማውቅ መስሎኝ፣ አባቴ...

ታኅሣሥ 29

ዛሬ የገና በዓል ነው። ቀኝ እጇ ማንኪያ አይዝም። እያጎረስኳት ዋልኩ።

ጥር 19

ባሕር ዳር ደርሰን ተመለስን። ቤታችን ነን። ቀኝ እግሯ ይጎተታል፤ ንግግሯ አንድ አንድ ቃል ነው፤ ያውም ከፈለገችው ሌላ ቃል እየመጣባት። ሐኪሞቹ በየቀኑ ትራመድ አሉ። ያኔ ሰዓት የለም ስንል የነበርን ሰዎች... አሁን ቀኑ ሙሉ ሰዓት ነው።

ብቻዬን ላነሣት አልችልም። እታለማሁን ፍለጋ ሄድኩ። ቁርስ ቤት ሰሐን ስታጥብ አገኘኋት።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። እርስዎ ቤት እጄ ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆ ስይዝ እንኳ።»

«ከእንግዲህ አላይም።»

«ምኑን?»

«የምትሠሪውን።»

ሳቀች። «እርስዎ? ዓይንዎ ካልጠፋ በቀር!»

ቆሜ ጠበቅኳት። ከዚህ በፊት ሠራተኛ ፊት ቆሜ የጠበቅኩበትን ቀን አላስታውስም። እጇን በቀሚሷ አደራረቀችና «ለቤዛዊት ስል ነው» አለች።

ጥር 27

እታለማሁ ነጩን ከቀለሙ ጋር ዘፈዘፈችው። ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ።

የካቲት 11

ግቢው ውስጥ ክንዷን ይዤ አዞራታለሁ። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ።

«ቀጥ በይ። እግርሽን አንሺ። አትጎትቺው። እንደገና።»

«ደ...ክ...»

«እስከ በሩ ብቻ።»

በሩ ጋ ስንደርስ «እስከ ግድግዳው» አልኳት። ቆመች። አለቀሰች። እንባዋ በአንድ ጉንጯ ብቻ የሚወርድ መሰለኝ። እታለማሁ ማንም ሳያዛት ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት፤ እኔን አየችኝ። ዓይኗን ያወረደችው እሷ አይደለችም።

በደግ ነበር። እንድትድን ነበር። መቼ በክፉ አደረግኩ እኔ?

የካቲት 28

ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ ቁርሷን አንድ ሰዓት ላይ፣ ክኒኑን ከቁርሷ ጋር። ቄስ ባምላክ ራሳቸው ነገሯት። ስትውጥ ጉሮሮዋን አያለሁ።

ሰልዋም ረመዳን ላይ ናት። ግን ትመጣለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የገበያውን ወሬ ታወራላታለች። ቤዛዊት ቃል ስትፈልግ ሰልዋ አትቸኩላትም። እኔ ግን ቃሉ ገና ከአፏ ሳይወጣ እጨርስላታለሁ። ዛሬ ነው ያስተዋልኩት።

መጋቢት 9

ዛሬ እራት ላይ አንድ ነገር ልትነግረኝ ፈለገች። እኔ እንዳልጨርስላት ከንፈሬን ነከስኩ።

«ነገ... ከሰልዋ ጋር።»

«ምኑ?»

«መንገድ። በእግር።»

«እኔም አብሬ...»

ራሷን ነቀነቀች። «እርስዎ... አይምጡ።» ከዚያ እንደገና ፈለገች፣ ፈለገች። «ሲይዙኝ... እፈራለሁ።»

እሺ አልኩ። ለልጄ እሺ ያልኩት መቼ ነበር?

መጋቢት 10

ሰልዋ ጾሙ ሳይገባ ሌሊት የሚበላውን ሱሑር በልታ አልተኛችም። እንደ ነጋ መጣች። የራሷን ሱቅ ጫማ አድርጋለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ። ለቤዛዊትም አዲስ አምጥታ ተንበርክካ አሠረችላት።

«ነይ እስቲ እንሽቀዳደም! ያሸነፈ ሱቁን ይወርሳል።»

«ባ...ዶ ሱቅ» አለች ቤዛዊት።

«ሰማችሁ? ምላሷ ከእግሯ ቀድሞ ዳነ!»

ሳቁ። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ዛሬ ነው። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር።

ወጡ። እስከ ውጭው በር ተከትያቸው ቆምኩ። ሰልዋ ክንዷን አልያዘቻትም፤ ጎኗ ሆና እያወራች ትሄዳለች። የቤዛዊት ቀኝ እግር አስፋልቱን ይፍቃል። ሻርፗ በአንድ ወገን ወርዶ መሬት ሊነካ ነው። ትከሻዋ ተዛንፏል። ቀጥ በይ ልላት አፌን ከፈትኩ።

መልሼ ዘጋሁት።

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። አረፉ። ከዚያ ቤዛዊት ናት ቀድማ የተንቀሳቀሰችው።