የሰርቨሩ ጥፋተኛ

ሮቤ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ምኞት፣

የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጀምሯል፤ እናትሽ ሁለት ጋቢ ደርባ ነው የምትውለው። ሁለታችንም ጤነኛ ነን። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስትጠብቂው የኖርሽው መልቀቂያ አለ። ማኅተምና ፊርማ አለው፤ አዲሶቹ አሠሪዎችሽ ይቀበሉታል። እሱን ከመክፈትሽ በፊት ግን ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ኮሌጁ «የተማሪ ውጤት አጠፋች» ብሎ ካሰናበተሽ በኋላም ትጠብቂው የነበረው ሰርቨር አልተረጋጋም። አንቺ በሌለሽበትም በድንገት እየጠፋ ይወድቅ ነበር። በቦታሽ የተተካው ደራራ ቤት ድረስ መጣ። ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬም እንደ ክፍል ውስጥ በኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ መምህር፣ ነው የሚለኝ።

«ባርሲሳ፣ ምኞት ስልኬን አታነሳም። እርስዎ ቢያናግሩልኝ?»

«በምን አፌ? ይልቅ ማሽኑን አሳየኝ።»

እናትሽ «ልጅህን ላባረሩ ሰዎች ልትደክም ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። የደከምኩት ለእነሱ አልነበረም። ምክንያቱ ከታወቀ ስምሽ ይጸዳል ብዬ ነው። ያለ ንጹሕ መልቀቂያ የሰመራው ሥራ እንደሚያመልጥሽ አውቃለሁ።

አንቺ እንዳስረዳሽኝ፣ በአንዱ ሰርቨር ውስጥ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች አሉ፤ በግድግዳ እንደተከፈለ አዳራሽ። ለሰርቨሩ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ትልቅ ፋይል ናቸው። ደራራ መብራቱንም፣ ዲስኩንም፣ ኬብሉንም በአንዴ ነካክቶ ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ሌላውን ተወው፤ ከዚያ ጠብቅ» አልኩት። መብራቱን በባትሪ ደገፍነው፤ ወደቀ። ዲስኩን ፈተሽነው፤ ደህና ነው። በመጨረሻ የሚወድቀው አንቲቫይረሱ ፍተሻ ሲጀምር ብቻ መሆኑን አየን። በሰርቨሩም በሦስቱም ማሽኖች ላይ ተጭኖ፣ አራቱም ፍተሻዎች በአንድ ሰዓት ሲነሱ ሰርቨሩ ትንፋሽ ያጣል። ይህን ስንከታተል ደግሞ ከሦስቱ የተማሪ ውጤት የያዘው ማሽን ጭራሽ አልነሳ አለ።

«ባርሲሳ፣ ፋይሉ የለም!»

«የት ይሄዳል?»

«አንቲቫይረሱ ቫይረስ ነው ብሎ አግቶታል!»

አንቺ «አጠፋሽው» የተባልሽውም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። ያኔ አንቺን አስወጥተው ክፍሉን ስለቆለፉት ማንም የታገተውን አልፈለገም፤ ጊዜው ሲያልፍ አንቲቫይረሱ ራሱ ደመሰሰው፤ መምህራኑም ውጤቱን ከወረቀት እንደገና አስገቡ። አሁን ግን ፋይሉን መለስነው። ማሽኖቹ ያሉበትን ፎልደር አንቲቫይረሱ እንዳይነካው አደረግን፤ ፍተሻውንም በየተራ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ አልወደቀም።

ይህንኑ አንቺ ቀድመሽ ለዲኑ ለአቶ ጌታነህ ነግረሽው ነበር። «ዘበኛ ቀጥረን፣ ግማሹን ግቢ አትይ እንበለው?» ብሎ የሳቀብሽን አልረሳሁም። ሄድኩበት።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ድኗል አይደል? ምን ያስቆፍረናል?»

«የልጄ ስም አልዳነማ።»

«አንቲቫይረሱ ነው ብዬ ብጽፍ፣ ማን ገዛው፣ ማን በግድ አስጫነው ይባላል።»

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኮ! ለዚህ ነው የማልጽፈው» አለ፤ ሻይም አዘዘልኝ።

ሽማግሌ ላክሁበት። ከጎባ ጋሽ ሸዋርጋ ሳይቀሩ መጡ፤ አብረን ቢሮው ገባን። ጌታነህ ከወንበሩ ተነስቶ ጉልበቴን ሳመ። «አጥፍቻለሁ፣ ልጅቷን በድያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ እንባውም መጣ። በአፉ ያልሰጠኝ ነገር የለም። ወረቀት ሲነሳ ግን ተመልሶ ተቀመጠ።

«ኃይለመስቀል፣ ሰውየው ጉልበትህን ስሟል» አሉ ጋሽ ሸዋርጋ። «ከዚህ በላይ ምን ታስደርገዋለህ?»

«ይጻፍ።»

«ቢጽፍ እንጀራውን ያጣል። ጥፋተኛ ሳይጠቀስ ደግሞ የኮሌጁ ቦርድ አይቀበልም።»

ጉልበቱ የተሳመ ሰው እምቢ ካለ፣ ነውሩ ወደ እሱ እንደሚዞር ታውቂያለሽ። ከዚያ ሁሉም እኔን ያዩ ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ «አንተ ጡረተኛ ነህ፤ ማን ያባርርሃል?» አለ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። ማንም ግን አልሳቀም።

መልቀቂያሽ ላይ የምታነቢው ይህን ነው፦ አባትሽ ምሳ ሊያደርስልሽ ሲመጣ፣ አንቺ ሳታውቂ የራሱን ፍላሽ ሰርቨሩ ላይ ሰክቶ ቫይረስ አስገባ፤ ፋይሉም በዚህ ምክንያት ጠፋ። በመጨረሻው መስመር «ወይዘሪት ምኞት ምንም ጥፋት የለባትም» ይላል። በወረቀቱ ላይ እውነት የሆነው እሱ ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የተሳሳተ መልስ ላይ ራይት አድርጌ አላውቅም። ከሥር ግን ፈረምኩ።

ወሬው ከመልቀቂያሽ ቀድሞ ወጥቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ የማስጠናበት ትምህርት ቤት «ለጊዜው ይረፉ» ብሎኛል። ትናንት ከጎባ ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት «ጋሼ፣ ፍላሽ ይዘዋል እንዴ? መኪናዋ እንዳትታመምብን!» አለኝ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አብሬ ሳቅሁ። ደራራ ሲያየኝ መንገድ ያቋርጣል። አልፈርድበትም፤ እሱም ልጆች አሉት።

ልከራከር ብለሽ እንዳትመጪ። ለጌታነህም እንዳትደውዪ። እናትሽ ከቤት ስለማትወጣ ወሬው አልደረሳትም፤ ጌታነህ እውነቱን ጻፈ ብያታለሁና በስልክ ስታነሳብሽ «አዎ» በያት። አዲሱ ሥራሽ ላይ ማንም አንቲቫይረስ ከመጫኑ በፊት የማሽኖቹ ፎልደር ይገለል። ይህንንም በአፍሽ አትጠይቂ፤ ጽፈሽ አስፈርሚ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይጽና፤ ከሚያዳምጥ አለቃ ያገናኝሽ፤ የሰው አገር ሰው አያሳጣሽ።

ፊርማዬን ታውቂዋለሽ። መልቀቂያው ላይ ተንቀጥቅጦ ብታዪው ብርዱ ነው።

አባትሽ
ኃይለመስቀል