አራት ጣት ትርፍ

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤሽን አንድ እጄን ከስፌት መኪናው ላይ ሳላነሳ ነው ያነበብኩት። «አሠሪሽ ለሁለተኛዋ መኪና ሰፊ ከፈለገ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እሰጣለሁ። ብቻ ስለ ብርዱ እውነቱን ንገሪኝ፤ ደግሞ ፎቶ እንዳትልኪልኝ!» ብለሻል። ይቺን የፎቶ ነገር ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። ለካ ነቅተሽብኛል!

እንግዲያው ከፎቶው ልጀምር። ያ አዲሱን ኮት ለብሼ፣ ወገቤን ይዤ የሳቅኩበት፣ አንቺም ለሰፈሩ ሁሉ አዙረሽ ያሳየሽው ፎቶ የተነሣው እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ ማሞቂያው አጠገብ ነው። ከኋላዬ ያለው በረዶ በመስኮት የሚታይ ነው። መስኮቱ እንዳይታወቅ ጎንበስ ቀና ያልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ኮቱን የሰፋሁት ገና በሙቀቱ ወራት ነው። እዚህ ሰው ላቡን እየጠረገ ለብርዱ ወራት የሚለብሰውን ኮት ሊያስጠግን ይመጣል። መጀመሪያ ሳያቸው «እነዚህ ሰዎች ጤና የላቸውም እንዴ?» ብዬ ነበር። በኋላ እኔም ነገሩ ገባኝና ወፍራም ቡናማ ጨርቅ ቆረጥኩ። ያንቺ ተማሪ ሆኜ ኮት ልገዛ? ሞቼ ነው ቆሜ! በስስ ሸሚዝ ሆኜ ተለካሁ፤ ልክክ አድርጌ ሰፋሁት። «ትርፍ ጨርቅ የሰነፍ ሰፊ ምልክት ነው» ትዪ የለ? ስፌቱ ውስጥ እንኳ ትርፍ አላስቀረሁም። ስለብሰው መስተዋቱ ራሱ እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ብርዱ ሲመጣ ከውስጥ ሹራብ ደረብኩ። ኮቱ አልቆለፍ አለ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሹራቡን አውልቄ ኮቱን ቆለፍኩ! ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፤ እኔም ሞኝ አመንኳት። ሰው ሁሉ እንደ ድንች ከረጢት ተጠቅልሎ ሲያልፍ፣ እኔ ወገቤን አሳምሬ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አውቶቡሱ ቀረ። ሥራ ስደርስ ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም። ቁልፍ ስተክል መርፌው ወግቶኝ ኖሯል፤ ያወቅኩት ደሙን የደንበኛ ሸሚዝ ላይ ሳየው ነው። እትዬ፣ ሰፊ ጣቷ ካልሰማ ምን ቀራት? የዚያን ቀን ማታ ደውለሽ «አየሩ ተስማምቶኛል» ያልኩሽ ሻንጣዬን አልጋው ላይ ከፍቼ፣ ልብሴን እያጣጠፍኩ ነው። ይቅር በዪኝ።

በነጋታው አሠሪዬን ልሰናበተው ሄድኩ። ከራሱ ኮት ኮሌታ ላይ መርፌ ስለማይጠፋ በልቤ አባ መርፌ ነው የምለው። ስንብቴን ትቶ ኮቴን ተቀበለኝና አገላብጦ አየው።

«ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«እጅሽ ይባረክ! እንዲህ ያለ ስፌት ካየሁ ቆየሁ። ሹራቡስ በየት ይግባ?»

«ቅርጹ ይበላሽብኛላ!»

«ውይ ልጄ፣ ማን ሊያይልሽ? ሁሉም አንገቱን ቀብሮ ነው የሚሄደው!»

ይህን ብሎ ከብብቱ እስከ ታች ተረተረው። ነፍሴ ናት አብራ የተተረተረችው። የሚለቀቅ ትርፍ አላስቀረሁ፤ ቡናማው ጨርቅም አልቋል። በግራና በቀኝ ግራጫ ጨርቅ ቀጠለበት። በራሱ ጣቶች እየለካ፣ «ከሰው ልክ ላይ አራት ጣት» አለኝ። «ይቺ የብርዱ ድርሻ ናት። ካልሰጠሽው ከሥጋሽ ይወስዳል።»

በማግስቱ ሁለት ሹራብ ደርቤ እኔም የድንች ከረጢት ሆንኩ። አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ዘገየ። ይዘግይ! ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ፤ አሁን የበረዶው ወር ሲመጣ የሙቀት ልብሴን አስቀምጥበታለሁ።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው። ብርዱ ከንፈር ይሰነጥቃል። ቀኑ ያጥራል፤ አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ሆድ ያስብሳል። ያቺ ጎረቤታችን ግን «እዚያ ጆሮ ይረግፋል» ብላ ካስፈራራችሽ፣ የእኔ ሁለቱም እንዳሉ ንገሪያት፤ ጉትቻም ጨምሬላቸዋለሁ። የበረዶውን ወራት ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ፣ ሦስተኛውን አልፈራውም። አንቺማ ከእኔ የጠነከርሽ ነሽ።

ዛሬ ሙቀቱ አይጣል ነው። ላቤን እየጠረግሁ ወፍራም ኮት ስሰፋ ያዩኝ አንዲት አዲስ ደንበኛ በዓይናቸው «ጤና የላትም እንዴ?» አሉኝ። ኮቱ ያንቺ ነው፤ መልስሽን ሳልጠብቅ ቆርጬዋለሁ። ችኩል ብለሽ ያወጣሽልኝ ስም የት ይሄዳል? ልክሽን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በላዩ አራት ጣት ጨምሬበታለሁ። ስትለብሺው ይሰፋሻል፤ መቀስ ታነሻለሽ። እባክሽ መጀመሪያ ሹራብ ደርቢ፣ ከዚያ ተቆጪኝ።

የቀሩት ቁልፎቹ ናቸው። እኔ የተከልኩት ቁልፍ ይረግፋል እያልሽ መቼም አምነሽኝ አታውቂም። ስድስቱንም ኪሱ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። መጥተሽ ትከያቸው።

ከእንግዲህ ፎቶ የማትልክልሽ ታናሽሽ፣
ችኩሏ