የስፌት መኪናዎቹን ያተረፈ ትምህርት

ለኦባንግ አባት፣ ለኦጁሉዬ፤

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ በርትተዋል፤ እኔም እንደ ሰው መብላት ጀምሬያለሁ። ባሮ ሞልቶ ጎድሏል። ክልል ከሆንን ወዲህ ከተማችን ቢሮ በቢሮ ሆናለች፣ የደንብ ልብስ የሚያሰፋውም በዝቷል። ይህን ብታይ እንዴት ደስ ይልህ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተቀይሜህ ነበር። አንተ ከምትሰፋባት ሌላ ሁለተኛዋን የስፌት መኪና በብድር እንደገዛሃት ያወቅኩት ከቀብርህ በኋላ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሰው ደጃችን ሲቆም ነው። የጎረቤቱን ሁሉ ወሬ ስትነግረኝ እያመሸህ ይህቺን እንዴት ዋጥካት? መክፈል አቃተኝ። ሁለቱንም መኪናዎች ሊወስዱ ነው ተባለ። መኪናዎቹ ከሄዱ ልጆቹን በምን አሳድጋለሁ? አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ የስድስት ቀን የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ተምሬ ዕቅድ ካቀረብኩ የመክፈያው ጊዜ ይራዘምልኛል።

የከሰረ ሰው ትምህርት ቤት መሰለኝና አፈርኩ። ሰው እንዳያየኝ በጓሮ ዞሬ ሄድኩ። ብገባ የቤተ ክርስቲያናችን ግማሽ ሰው እዚያው ተቀምጧል።

አሰልጣኙ የቤታችንን ወጪ ጽፈን እንድናመጣ አዘዘን። የእኔን አይቶ፣ ለአንቺና ለሁለት ልጆች ይህ ሁሉ በቆሎ ምን ይሠራል አለኝ። ወረቀቴን አጠፍኩ። ሌሎቹንም ጠየቀ፤ ሁሉም ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። ለካ ማናችንም ቤታችን ያረፈውን እንግዳ አልጻፍንም። እንግዳ ወጪ ተብሎ ይጻፋል እንዴ? ነውር ነው። እሱም እንግዳ አባርሩ አላለም፤ ደብቃችሁ ግን ማቀድ አትችሉም፣ ከቤተሰብ ጋር ተማከሩ አለን።

ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ኡመድ ከለቅሶው ጀምሮ እኛው ጋ ናቸው። ሁለት ቀን ልነግራቸው እየወጣሁ ወደ ጓዳ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ምሳ አቅርቤ፣ ዕዳውንም የመኪናዎቹንም ነገር እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከምግቡ አነሱ። የቆየሁት ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው፣ ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ አሉኝ። በማግስቱ መረባቸውን ይዘው ባሮ ወረዱ። አሁን ዓሣ እየሸጡ የበቆሎውን ወጪ የሚችሉት እሳቸው ናቸው። ማንኮራፋታቸው ቁርጥ ያንተ ነው፤ ያናድደኝ ነበር፣ አሁን ያስተኛኛል።

ዕቅዴ ተቀባይነት አገኘ። መኪናዎቹ ቀሩልን፣ የመጀመሪያውንም ክፍያ ከፈልኩ። አንተንም ይቅር ብዬሃለሁ። አዲሷ መኪና ላይ ስቀመጥ ወንበሯ በእኔ ቁመት ልክ ተሠርቷል፤ ለማን እንደገዛሃት ያኔ ገባኝ።

ዕቅዱን የሞላሁበት ቅጽ የቤተሰብ ብዛት ይላል። አምስት ብዬ ጻፍኩ። አሰልጣኙ በጣቱ ቆጥሮ አራት ናችሁ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰርዤ አራት አደረግኩት። የሰረዝኩት ግን ከማኅበሩ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። በሕይወት እስካለሁ፣ እኔ ስቆጥር አምስት ነን።

ባለቤትህ አሪየት