ገመቹ ከኪሱ ያወጣው እጅ

ሐሙስ

ሙዚየም እንሂድ ብለው እምቢ አለ። «ሙዚየም የሞተ ዕቃ ማከማቻ ነው፤ እኔ ገና አልሞትኩም» ይለኛል። ገመቹ ሲከራከረኝ ደስ ይለኛል፤ የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ይውላል። ሐኪሙ ጣቶቹን ካላሠራቸው እንደዚሁ ደርቀው እንደሚቀሩ ነግሮታል። እሱ ግን እየጨመቀ እንዲለማመድባት የተሰጠችውን ኳስ ለልጅ ልጁ መጫወቻ አደረጋት። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ ጭነት ሲያመላልስ ክራሩ ጋቢና ውስጥ ተሰቅላ አብራው ትጓዝ ነበር። በቆመበት ሁሉ ሾፌሮች ይከቡታል። አሁን ሳሎኑ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰቅሏታል።

«ሃዊ በነጻ ታስገባናለች» አልኩት። ሃዊ የእህቴ ልጅ ናት፤ የሙዚየሙ አስጎብኚ። «ነጻ» ሲሰማ ለዘብ አለ።

ዓርብ

ሄድን! ግማሹን መንገድ በባጃጅ፣ ግማሹን በእግር። ምሳችን ሁለት ሁለት ሳምቡሳ። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን አንሳፍፎ ከተማዋን በሕልም የምትታይ አስመስሏት ነበር።

ሙዚየሙ አሮጌ ቪላ ነው። ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። መሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ቆዳው የተሰነጠቀ ከበሮ፣ ጥርሱ የወላለቀ አኮርዲዮን። መጋረጃው ሲወዛወዝ ብርሃኑ በላያቸው ይመላለሳል። የተኙ መሰለኝ፤ ሲተነፍሱም የሰማሁ መሰለኝ። እንዳይነቁ ብዬ በሹክሹክታ አወራሁ። እኔ!

ለጎብኚ ማሳያ የምትደረደር አንዲት ክራር አለች፤ ሁልጊዜ ትዝታ ላይ ተቃኝታ ትቀመጣለች። ሃዊ ተማሪዎች ልትቀበል ወጣ ስትል አንዱን ክር አላላሁት። ከዚያ ደረደርኩ።

ገመቹ የበሰበሰ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊቱን አጨማደደ። «አበላሸሃት!»

«እኔ ምንም አልተሰማኝም።»

«ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት ትል የለ? መምህርህ ደደብ ነበር።»

እኔም ደጋግሜ መታሁት። ያንኑ የላላ ክር፣ ያለ ርኅራኄ። መጨረሻ ላይ ክራሯን ነጠቀኝና ጭኑ ላይ አስደገፋት። በቀኙ ክሩን እየመታ በግራው መቃኛውን ያዘ። አዎ፣ በግራው! ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ፣ ተንሸራተቱ፣ እንደገና ያዙ። ድምፁ ቀስ እያለ ወጣ፤ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ውሃ። ሃዊ ተመልሳ በሩ ላይ ደርቃ ቆመች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታ በሩን ከለለችልን።

ክሩ ቦታውን ሲያገኝ ቤቱ በሙሉ ዞሮ የሰማ መሰለኝ።

ከዚያ ቀና ብሎ እጁን አየ። እኔን አየ። «ሆን ብለህ ነው አይደል?»

እጁን ኪሱ ከተተ። «ጋሼ ገመቹ፣ ሻይ ሳይጠጡ?» እያለችው ሃዊን አልፎ ወጣ። ባጃጁ ውስጥ ፊቱን አዞረብኝ።

ቅዳሜ

ስልክ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሃዊ ደውላ፣ «አጎቴ፣ ሰው እንደ ክራር አይቃኝም» አለችኝ። ከዚያ ራሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በሕይወቴ ብዙ ሰው አናድጃለሁ፤ ሁሉም ሲስቅ ይቅር ይለኛል። ገመቹ ግን የትናንቱ ቀልድ ብቻ እንዳልነበረ ያወቀብኝ ሰው ነው። አዘነልኝ ብሎ ካሰበ አለቀ፤ የገመቹ ኩራት ከተሳቢ ይከብዳል።

ቀኑን ሙሉ ነፋሱን ሳዳምጥ ዋልኩ። ሠላሳ ዓመት የለመድኩት ወዳጅ ቢቀርብኝ ከማን ጋር እጣላለሁ?

እሑድ

ፓፓያ ይዤ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፍታ፣ «ከቁርስ ጀምሮ እንዳትገቡ ብሎናል» አለችኝ። ገባሁ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ክራሯ ጉልበቱ ላይ። «አካም ጂርታ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁት። «ና፣ ከላይ ቀንበሯን ያዝልኝ። ትንሸራተትብኛለች» አለኝ።

ያዝኩ። አንዲት ቀልድ አፌ ላይ መጣች፤ ዋጥኳት። ግራ እጁ ሲያጠብቅ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። አንድ ክር ተስተካከለ። ሁለተኛው ቷ! ብሎ ተበጠሰ።

አሁን ያስቀምጣታል፣ አልኩ።

የተበጠሰውን ጫፍ በጣቶቹ መሃል እያሻሸ ቆየ። ያሻሸው በግራ ጣቶቹ ነው፤ የሚያውቅም አይመስለኝም። «ባቱ፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ለክር የሚሆን ጠንካራ ናይለን አለ» አለ ድንገት። «ነገ ወርደን እናመጣለን።»

መንገዱ ይረዝማል፤ ይደክመው ይሆናል። ነገ ሲነሣ ሐሳቡን ይቀይርም ይሆናል። እኔ ግን ጫማዬን ጠርጌ በር ላይ አስቀምጫለሁ።