አያ እንድሪስ ላይ ያሳቅኸው ሕዝብ

ሐይቅ፣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም.

ውድ ዝናው፣

«ውድ» ያልኩህ ከልማድ ነው እንጂ ከልቤ አይደለም። ሰላምታውንም እለፈው። ተናድጄ ነው የምጽፍልህ።

ጦርነቱ ከከተማችን ካለፈ በኋላ ጨዋታችንን ስንጀምር የተስማማነውን ታስታውሳለህ? ተመልካች ለጨዋታው መነሻ አንድ ቃል ይሰጠናል፤ ቃሉን የሰጠው ሰው አብሮን መድረክ ይወጣል፤ እኛም ሳንጽፍ፣ ሳንለማመድ፣ እዚያው ፈጥረን እንጫወታለን። እዚያ የተባለው እዚያው ይቀራል። ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ ያወጣኸው አንተ ነህ። «ሰው የሚያምነን ገመናውን ስንጠብቅለት ነው፣ መስኡዳ» ብለኸኝ ነበር።

የካቲት ላይ «ቃል ስጡን!» ስትል ዓሣ አጥማጁ አያ እንድሪስ ከኋላ ተነስተው «በር» አሉ። ጎትተን አወጣናቸው። አንተ ታጣቂ ሆነህ በሩን ደበደብክ፤ እኔ ሚስታቸውን ሆንኩ። እሳቸው በእንብርክክ እየዳኹ ወደ መድረኩ ጀርባ ሄዱና «እኔማ ሙጂባን ጥዬ ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ገባሁ! ሁለት ቀን ሙሉ ከእንቁራሪት ጋር ኖርኩ!» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ፤ ሰውም እያለቀሰ ሳቀ። ጦርነቱ ከነበረበት ከኅዳር ጀምሮ ከሰው ርቀው የከረሙት ሰው ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽሪ ልጄ፣ ቀለለኝ» አሉኝ።

አንተ ግን አዲስ አበባ ገባህና ያንን ታሪክ፣ ስማቸውን ጠርተህ፣ አረማመዳቸውን ቀድተህ፣ ቴሌቪዥን ላይ አቀረብከው። «የሐይቁ ጀግና» አልካቸው። የማያውቃቸው ሕዝብ አጨበጨበልህ። ቪዲዮው እዚህ ከስልክ ስልክ ዞረ። አሁን ገበያ ሲወጡ «እንቁራሪቱ መጣ!» ይሏቸዋል። መስጊድ መሄድ እንኳ ተዉ። ታንኳቸው ዳር ላይ ተገልብጣ ደርቃለች።

ስደውልልህ ምን አልከኝ? «ኮሜዲ ነው፣ አታካብጂው።» ወላሂ ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝ!

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ተጫወትን። «ቃል ስጡን» ብል የሚተነፍስ ጠፋ። ማን ይመነን? ልንበተን ስንል የአያ እንድሪስ ሚስት፣ እትየ ሙጂባ፣ ከሴቶቹ መሃል ተነስተው ማንም ሳይጠራቸው መድረክ ወጡ።

«የኔ ቃል ‹ውጣ› ነው» አሉ። «እንድሪስ ጥሎኝ አልሄደም። ወንድ እየተለቀመ ነው ሲባል በጓሮ ገፍቼ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እምቢ ቢለኝ ‹ካልወጣህ ፍታኝ› አልኩት። እያለቀሰ ወጣ። እናንተን ለማሳቅ ብሎ ነው ራሱን ፈሪ ያደረገው። በሉ አሁን ሳቁ!»

እኛ እውነቱን መቼ ጠየቅናቸው፣ ዝናው? አንተስ መቼ ጠየቅክ?

ማንም አልሳቀም። ሴትዮዋ ሲወጡ አዳራሹ ሙሉ ተከተላቸው። ገበያ ላይ ሲሳደቡ የነበሩትም ጭምር ግቢያቸው ገብተን «አፉ በሉን» አልን። አያ እንድሪስ ብቅ አሉ። ከስተዋል። አንድ በአንድ አዩን፤ ፊታችን ላይ የሆነ ሰው የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«ያስ ልጅ?» አሉኝ። «ዝናው አልመጣም?»

ቪዲዮውን ብታጠፋው ከሰው አፍ አይጠፋም። መጥተህ ፊታቸው ቆመህ «አፉ በሉኝ» በል። እስክትመጣ ድረስ «ወዳጅህ» ብዬ አልፈርምልህም።

መስኡዳ