ለደረቅ ቧንቧ የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫ

ለክቡር የሙያ ብቃት ምዘና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

አንድ ቧንቧ በትክክል መገጠሙ የሚታወቀው እንዴት ነው? ቤቱ ቧንቧ አስገጥሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሠራተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ከመውጣቱ በፊት ይህን ጠይቋል፤ መልሱንም ያገኘው ውሃውን ከፍቶ በማየት ነው። ክቡርነትዎ ግን ከዚህ የላቀ ዘዴ ስለደረሱበት፣ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎም የማይነቃነቅ እግር እየተመኘሁ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

እኔ ባለፈው ዓመት ተመርቄ በኮሌጃችን በረዳት አሠልጣኝነት የተቀጠርኩ ጀማሪ ነኝ። በትምህርት ቤቶችና በኮሌጆች ለሚማሩ ወጣቶች ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን ሥራ ላይ የሚያውል የሙያ ማረጋገጫ ሊሰጥ ነው ሲባል፣ እንደኔ የጨፈረ ሰው ያለ አይመስለኝም። አሁንም በሐሳቡ አምናለሁ። ባላምንበት ኖሮ ዝም ብዬ ደመወዜን እበላ ነበር።

፩ኛ. ስለ ወርክሾፑ። ለቧንቧ ሥራ ሠልጣኞች ያሠሩልን ክፍል ግድግዳው ነጭ፣ መታጠቢያዎቹ አዳዲስ፣ ወለሉም ፊት የሚያሳይ ነው። የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። ከመንገድ የመጣው መስመር ከግድግዳው ውጭ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆሟል፤ የቀረችው አንድ ክንድ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ናት ተብለናል። በዚህም ምክንያት ወለሉ እንዳማረበት ስለቆየ፣ ጎብኚዎችም ፎቶ ሲነሡ ጫማቸው ስላልረጠበ፣ እናመሰግናለን።

፪ኛ. ስለ መመዘኛው። አንድ ሠልጣኝ ብቁ ለመባል ቧንቧውን በልኩ መቁረጥ፣ ቀጥ አድርጎ መግጠምና ቦታውን ጠርጎ መውጣት አለበት። «አያፈስም» የሚል መስፈርት የለም፤ ውሃ በሌለበት ምን ይፈስሳል? ልጆቹም ፈጣኖች ናቸውና ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ውሃ እንዳያሾልክ በቧንቧው ክር ላይ ቃጫ መጠምጠም ጊዜ ይወስዳል፣ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ከውጭ አይታይም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ተዉት። ስቆጣቸው «ቲቸር፣ ለማን ብለን ነው?» ይሉኛል። ይህን ጥያቄ ወደ ክቡርነትዎ ከማስተላለፍ በቀር ምን ልበላቸው?

፫ኛ. ስለ አንዲት ጥፋተኛ። ከሠልጣኞቻችን መካከል ጓደኞቿ «ጠብታ» የሚሏት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለች። ስሙ የወጣላት በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ «ይሄ ይንጠባጠብ ይሆን?» እያለች ስለምትጨቀጭቀን ነው። በምዘናው ቀን ሁሉም በአንዱ ግድግዳ ላይ የየድርሻቸውን ገጥመው፣ የአንዱን ቧንቧ ከሌላው ጋር አያይዘው ጨረሱ። መዛኙም እየዞሩ በጣታቸው አንኳኩተው «ጎበዝ፣ ቀጥ ብሏል» እያሉ ሲፈርሙ፣ ጠብታ ከቤቷ ያመጣችውን ጀሪካን ተሸክማ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣችና በቧንቧው የላይኛው አፍ ውሃውን ለቀቀችው።

እሷ በገጠመችው በኩል ደረቅ እንደሆነ ቀረ። ከጎኗ የገጠመው ልጅ መገጣጠሚያ ግን መዛኙን ከቀበቷቸው በታች አጠባቸው። ልጁ፣ ይመስገንና ሐቀኛ ነው፣ «ኧረ እኔ ነኝ ያፈሰስኩት!» ብሎ ጮኸ። መዛኙም ሱሪያቸውን እየጨመቁ «አንተ ዝም በል፣ አልፈሃል!» አሉት።

እውነትም አልፏል። ጠብታ ግን «ገና ብቁ አይደለችም» ተብላለች፤ ምክንያቱም «ያልተፈቀደ ቁስ ወደ መመዘኛ ክፍል ማስገባት» የሚል ነው። ቁሱ ውሃ ነው፣ ክቡር ኃላፊ። ሙያው የቧንቧ ሥራ ነው።

፬ኛ. ስለ አቤቱታችን። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ አጭርና ትሕትና የተሞላበት ነበር፤ ድጋሚ ምዘና የሚኖረው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ችግሩ፣ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ የልጅቷን ሥራ አይቶ ቦታ ይዞላታል፤ የሚጠብቃት ግን እስከዚህ ወር መጨረሻ ብቻ ነው፣ ያለማረጋገጫ ደግሞ ሊቀጥራት አይችልም። እናቷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ወርክሾፑ በር ላይ መጥታ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ልጄ ውሃ ነው ያፈሰሰችው ወይስ ሰው ገደለች?» አለችኝ። ልጅቷም ጨቅጫቃነቷን ትታለች፤ ከኋላ ተቀምጣ ቧንቧ መፍቻውን በጉልበቷ ላይ አጋድማ ትውላለች። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ይህ አይደለም፤ ታናናሾቹ ሠልጣኞች ሥራውን ሊሞክር የሚቃጣውን ጓደኛቸውን «ተው፣ እንደ ጠብታ እንዳትሆን!» ማለት መጀመራቸው ነው። ለአንድ ሙሉ ትውልድ በአንድ ቀን ያስተማሩት ትምህርት ይህ ነውና፣ እኔ በዓመት ውስጥ ያልተሳካልኝን ስላሳኩት እጅ እነሣለሁ።

ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ወሩ ከማለቁ በፊት ጠብታ በዚያው ግድግዳ ላይ፣ ውሃ ተለቅቆ፣ እንደገና ትመዘን። ካፈሰሰች ለመውደቋ ምስክሩ እኔ ነኝ። ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ አሠሪዎችና የሙያው ሰዎችም፣ ልጆቻችሁ በምን እንደተመዘኑ ጠይቁና በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልን፤ የምዘናው ቀን ከተፈቀደም የምትችሉ ሁሉ እየመጣችሁ አብራችሁን ቁሙ። የክቡርነትዎን መልስም በአደባባይ እንጠብቃለን።

ፊርማዎ ሳይደርቅ፣ ሱሪዎም ሳይረጥብ ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ የምመኝ፣

የደረቁ ወርክሾፕ ረዳት አሠልጣኝ

ግልባጭ፦
ቤቱ ቧንቧ ላለው ሁሉ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ ተደውሎ፣ ከቢሮዎ በላይ ያለው የእጅ መታጠቢያ ጣሪያውን እያራሰ ስለሆነ አንድ ሠልጣኝ በአስቸኳይ እንድንልክ ታዝዘናል። ልንልካት ያሰብናት ልጅ በእርስዎ ማኅተም ገና ብቁ አይደለችም፤ ብቁ የተባሉት ደግሞ ውሃ ባለበት ሠርተው አያውቁም። እስክንመካከር ድረስ ከሥሩ ባልዲ ቢያስቀምጡበት።